ባሌ የታቀፈው ሰጋቱራ

የልጅ ልጄ የጋዝ ሲሊንደር አስሞልታ በመጣች ቁጥር ማማረር የምትጀምረው ገና ከበር ነው። ዋጋው ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ፣ እንዲህ ከቀጠለ ምን ልንሆን ነው ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ። ስቄ ሲያበቃልኝ «ወንድምሽን በምን እንዳሞቅነው ታውቂያለሽ?» እላታለሁ። «አውቃለሁ እማማ፣ ሺህ ጊዜ ነግረሽኛል» ትላለች። ሺህ ጊዜ ከሰማሽ እንግዲህ ጻፊው አልኳት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማወራውን እሷ ናት የምትጽፈው። ከተበላሸ እሷን ውቀሱ፣ ካማረ የኔ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ ነሐሴ ላይ። የጉለሌን ነሐሴ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ቤታችን ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ሰው የሚጀምርበት ቦታ ነበር። ጭቃ ቤት ነው። ጉሙ ከላይ ይወርድብናል፣ እርጥበቱ ከታች ይወጣብናል፣ እኛ መሃል ቁጭ ብለናል። ባሌ ሸማኔ ነበር። የሚሸምነው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ እግሩን የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። «ከወገቤ በታች ቀብረሽኝ ከወገቤ በላይ ትጨቀጭቂኛለሽ» ይለኝ ነበር። ውሸቱን ነው፣ ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ነው።

በዚያ ክረምት ትልቋን ልጄን ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ ያዛት። ባሏ ወታደር ነው፣ ወደ ሰሜን ሄዶ ስለነበር እኛ ዘንድ ነበረች። ሆስፒታል ወሰድናት፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ወንድ ልጅ ካላችሁት ማለቴ ነው። አንድ እፍኝ ነገር፣ ፊቱ የሽማግሌ ፊት፣ ግንባሩ የተጨማደደ። «ይሄማ ካባቱ ቀድሞ ጡረታ ሊወጣ ነው» አልኩ። ልጄ አልሳቀችም። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። እሷ በኔ ቀልድ ካልሳቀች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ከሆስፒታል ስንወጣ አንዲት ሲስተር ጠራችኝ። ልጅ ናት፣ ግን ዓይኗ ቀልድ አያውቅም።

«እማማ፣ በደንብ ይስሙኝ። ይሄ ልጅ ገና የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። ሙቀት የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ከእናቱ ደረት አይለይ፣ ቤቱም አይቀዝቅዝበት። ትኩስ ውሃ በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጎንና ጎኑ አስቀምጡለት። ደግሞ በር ዘግታችሁ በከሰል ጭስ እንዳታፍኑት።»

«እሺ።»

«በቀጠሮው ቀን እንመዝነዋለን። ካልጨመረ ግን እዚህ ይቀራል።»

«እናቱስ?»

«እናቱ እየተመላለሰች ታጠባዋለች።»

ልጄ ቀሚሴን ከኋላ ጨብጣ ያዘችው። እዚያ ሕፃናቱ የሚቀመጡበትን የመስታወት ክፍል አይታዋለች፤ እናቶች ከመስታወቱ ወዲህ ቆመው ሲያዩም አይታለች። መንገዱን ሁሉ ሌላ ነገር አልተናገረችም። «እማዬ፣ እንዳያስቀሩብኝ» ብቻ።

በቃ፣ ሥራዬ ይሄ ሆነ። እስከ ቀጠሮው ቤቱን ማሞቅ።

እንግዲህ እኛ አገር ቤት የሚያሞቅ ማነው? ሰው ወጥ ይሠራል፣ እግረ መንገዱን ይሞቃል። ሲበርደው ይተኛል። ቤት ላሙቅ ያለ ሰው ግን ገንዘቡን ነው የሚያነደው። ከሰል ሻጯ መታጠፊያው ላይ ላስቲክ ለብሳ፣ ከሰሏንም ላስቲክ አልብሳ ተቀምጣለች። ድሮም እንፎካከራለን።

«መደቡ ስንት ነው?» አልኳት።

ነገረችኝ።

«ራስሽን ጨምረሽ ነው?»

«ራሴን ብጨምር ኖሮ አላስወድድም ነበር» አለች። «ደግሞ ሳምንት ይጨምራል።»

«ምነው?»

«ዝናብ ነዋ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ አህያው ይንሸራተታል፣ ኬላው አያሳልፍም።»

«እና የዝናቡን እኔ ልክፈል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ጊዜ ለወጥ ነበር የምትገዢው። ዛሬ ቤት ላሙቅ ትያለሽ። ቤት የሚያሞቅ ሰው ሀብታም ነው፣ ክፈይ።»

ከፈልኩ። ጠዋት የገዛሁት ከሰዓት አመድ ሆነ። በማግስቱም ገዛሁ፣ እሱም አመድ ሆነ። ላምባ እንዳልል፣ የቀበሌ ሱቅ በተራ ነው የሚሰጠው፤ የደረሰን ለኩራዝ እንኳ አይበቃም። ጫካ ወጥቼ ቅጠል ልጥረግ ብል ጥበቃዎቹ አሉ። እነሱንስ አልፋቸዋለሁ፣ ቅጠሉ ግን እርጥብ ነው፣ ጭሱ ሰው ይገድላል። ባሌ ጋቢውን አውልቆ «ውሰጂ፣ ሽጪው» አለኝ።

«ልበሰው» አልኩት። «አሁን አንድ ሰው ነው የማሞቀው። ጋቢህን ከሸጥነው ሁለት ልትሆኑብኝ ነው።»

ከሠፈራችን ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። በርና መስኮት ይሠሩበታል። ከጓሮው ሰጋቱራ እንደ ጉብታ ተከምሯል። በዚያ ሳልፍ ስንት ዓመቴ፣ ዓይቼው አላውቅም፤ የቸገረው ሰው ዓይኑ ይከፈታል። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካፖ የሚሉት፣ ወፍራም ሰው ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሴን ያያችሁ እያለ የሚዞር። አጥሩ ጋ ቆሜ ጠራሁት።

«ይሄን ሰጋቱራ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ምን እናደርገዋለን፣ ወንዙ ይወስደዋል።»

«ለኔ ብትሰጠኝስ?»

«ምን ያደርግልሻል? የምታነጥፊለት ከብት አለሽ?»

«ከብት የለኝም፣ ባል አለኝ።»

ሳቀና «ውሰጂ» አለ። «ጨርሰሽ ብትወስጂልኝ ደስታዬ ነው።»

ይችን ንግግር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ሰጋቱራ እንዴት እንደሚነድ ያሳየችኝ ጎረቤቴ ጠላ ጠማቂዋ ናት። ትልቅ የቀለም ቆርቆሮ ታመጣላችሁ። ከሥሩ ጎኑን ትበሱታላችሁ። በተበሳው በኩል ዱላ ታስገባላችሁ፣ መሃሉ ላይ ጠርሙስ ታቆማላችሁ፣ ከዚያ ሰጋቱራውን ዙሪያውን እየጨመራችሁ በጡጫ ትጠቀጥቃላችሁ። ጠርሙሱን እያዞራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስታወጡት መሃሉ ጭስ መውጫ ይሆናል። ዱላውንም ስባችሁ ታወጡና ከሥር ትለኩሳላችሁ። ደህና ከተጠቀጠቀ ሳይንቦገቦግ፣ ፍም ሆኖ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይቆያል። ካልተጠቀጠቀ ተንዶ ይጠፋል። እርጥብ ከሆነ ደግሞ፣ የኔ ዓይነት ነው የሚሆነው።

የኔ እርጥብ ነበር። ክምሩ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቷል። ከጣራው ክፈፍ ሥር ለኮስኩት፤ ጭሱ የት እንደሚሄድ እንደተነገረው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቤት ገባ። ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ በጓሮ በር ጠላ ጠማቂዋ ጋ ሸሸች። ባሌ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ደጁ ላይ ቆሞ «ማን ሞተ?» አለ። ልጄ ከጎረቤት በር ሆና ሳቀች። ከወለደች ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። ግን ሄጄ የሕፃኑን እግር በእጄ ያዝኩት፤ እንደ ወንዝ ጠጠር ቀዝቅዟል። ሳቁ እዚያው ቀረ።

ሰጋቱራውን የት ላድርቀው? ፀሐይ የለ። ምድጃ ዳር እንዳላደርግ ምድጃውን የሚያነደው ራሱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ይሄንኑ እያሰብኩ አልጋ ሳነጥፍ፣ ባሌ ከተነሣበት ቦታ ላይ እጄ አረፈ። ይሞቃል። ሌላኛውን ጎን፣ የኔን፣ ነካሁት፤ የሱን ያህል አይሞቅም። ለካስ ያን ሁሉ ዓመት ምድጃ አግብቼ ኖሯል የምኖረው።

ሰጋቱራውን በእጄ ጨምቄ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ በሱ በኩል ካንሶላው ሥር እንደ ፍራሽ ዘረጋሁት።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ማምሻውን።

«ሰጋቱራ።»

«አልጋ ላይ?»

«እንዲደርቅ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተማ ደርቀሃል።»

ጠዋት ሲነሣ ወገቡን ይዞ «አንቺ ሴትዮ፣ እንቁላል አስታቀፍሽኝ እኮ» አለ።

«ታቀፍ፣ የልጅ ልጅህ ነው የሚፈለፈለው።»

ከዚያ በኋላ አላጉረመረመም አልልም፣ አጉረምርሟል። ያክከዋል። ፀጉሩ ላይ፣ ጆሮው ውስጥ፣ ጺሙ ላይ ሰጋቱራ ነው። ሲሸምን እየረገፈ ክሩ ውስጥ ይገባል። ነጠላ ያዘዘች ሴትዮ መጥታ ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችውና «እነዚህ ቢጫ ቢጫዎቹ ምንድናቸው?» አለችው። «አዲስ ጥለት ነው» አላት። ደስ ብሏት ሄደች። ግን አንድም ቀን ከጆንያው ላይ ልውረድ አላለም። አንዱ ጆንያ ሲደርቅ ሌላውን እተካለታለሁ፣ እሱ ይታቀፋል።

የደረቀው ሲነድ ማየት ነበረባችሁ። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ይቆያል፤ መሃሉ ቀልቶ ፍም ብቻ ሲሆን በሁለት ጨርቅ ይዤ አስገባዋለሁ፣ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። ላዩ ላይ ውሃ እጥዳለሁ። ጠርሙስ ደግሞ የት እንዳለ አውቃለሁ። ባሌ አልጋው ሥር አረቄ ጠጥቶ የሚደብቃቸው ጠርሙሶች አሉ፤ እኔ የማላውቅ ይመስለዋል። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ሳወጣቸው ቆሞ ያየኛል። የመጨረሻዋ ባዶ አልነበረችም። «ቆይ» አለና፣ ዞር ብሎ ባዶ አድርጎ ሰጠኝ።

የነፍስ አባታችን ለአራሷ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ሕፃኑ መሃል ተኝቶ ዙሪያውን በአረቄ ጠርሙስ ታጥሯል። አባ ቆመው አዩት፣ አዩት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ሁሉ የማነው?»

«የሕፃኑ ነው አባ።»

አንዱን አነሡ፣ ቡሹን ነቅለው አሸተቱት። «ውሃ ነው» አሉ። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሕፃኑ ፊቱ መለስ ማለት ጀመረ። እግሩን ስይዘው ይሞቃል። መጥባት ጀምሮ ሳይጨርስ የሚተኛው ልጅ አሁን እየጨረሰ ይተኛል። ልጄ ግን ሊነጋ ሲል እየተነሣች ትንፋሹን ትሰማለች። የቀጠሮው ቀን ቀረበ አትልም፤ እኔም አልልም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ይሄን ጊዜ ነው ጎረቤቱ ሁሉ የነቃው። አራስ ሊጠይቅ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። «በምንድነው ቤታችሁ እንዲህ የሞቀው?» ይላሉ። እኔም አፌ አያርፍ፣ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚበሳ ሳይቀር አሳያለሁ። ብዙም ሳይቆይ በየደጁ ቆርቆሮ ሲጨስ አየሁ። እንዲያውም ኮራሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጆንያዬን ይዤ ብወርድ ክምሩ በገመድ ታጥሯል። ካፖው ባልዲ ይዞ ቆሟል። ባልዲው በሣንቲም ነው።

«ጨርሰሽ ውሰጂ አላልከኝም? ወንዙ ይከፍልህ ነበር?» አልኩት።

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ። ሰው ሲሻማበት አለቆች አዩ፣ ይሸጥ አሉ።»

«የተሻሙት እኮ እኔ ስላሳየኋቸው ነው።»

«እንግዲህ እኔ አሳዪ አላልኩሽ።»

ቀልድ ሊመጣልኝ ፈለግኩ፣ አልመጣም። ለከሰሉ ያወጣሁት ወጥቷል፣ የቀረን የአራሷ ቀለብ ነው፣ ከሱ ማንሣት አይቻልም። ግንድ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ያለ ቀልድ ነገርኩት። ልጁ አንድ እፍኝ መሆኑን፣ ሚዛኑን፣ መስታወቱን፣ ልጄ ቀሚሴን እንዴት እንደጨበጠችው። ካፖው ሲሰማ ቆየና እርሳሱን ከጆሮው አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ሰካው።

«ሽጥ የተባልኩት የጓሮውን ነው» አለ። «የውስጡን ወለል ማንም ምንም አላለኝም። የማሽኖቹን ሥር ጥረጊልኝ፣ የጠረግሽውን ውሰጂ።»

ገባሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ከአጥሩ አልፌ አላውቅም፤ ሴት መሰንጠቂያ ቤት ምን ታደርጋለች ብዬ ነው። መጥረጊያ ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ ከመጋዙ ሥር አንድ እፍኝ ዘገንኩ። እንደ ዱቄት በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻም አይደል፣ ከመጋዙ እንደወረደ ነውና ለብ ይላል።

ቀና ብዬ ካፖውን አየሁት።

«ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«እንዴት?»

«ደረቅ።»

«ጣራ ሥር ነዋ። የሚበሰብሰው ወደ ውጭ ስንጥለው ነው።» ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «ምነው፣ ደረቁን ነበር እንዴ የፈለግሽው? አልጠየቅሽኝም እኮ።»

እውነቱን ነው፣ አልጠየቅኩትም። የባሌ ወገብ ትዝ አለኝ። ጆንያውን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ተሸክሜ፣ ዳገቱን በዝናብ ብቻዬን እየሳቅኩ ወጣሁ። ከሰል ሻጯ ስታየኝ «እግዚኦ» ብላ አማተበች።

ለባሌ አልነገርኩትም። ካፖው ሐሳቡን ቢቀይርስ፣ አልጋው ላይ ያለው ይጠቅመናል ብዬ ነው። እሱ እንኳ ሰበብ ነው፤ ሲያክክ ማየት ያስቀኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ደረቁን ከወለል እያመጣሁ አነዳለሁ፣ እሱ ድሮ ደርቆ ያለቀውን ጆንያ በታማኝነት ይታቀፋል።

ቀጠሮው ደረሰ። ሕፃኑን ከልጄ ደረት ላይ አስረን፣ ጋቢ ደርበን፣ ባሌ ዣንጥላ ይዞ ከኋላ ከኋላ፣ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወረድን። እሱ እደጅ ቀረ። ያችው ሲስተር ናት። ሕፃኑን ተቀብላ ስትፈታው ከመጠቅለያው እጥፋት ቢጫ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ብን አለ።

«ይሄ ምንድነው እማማ?»

«ሰጋቱራ ነው ሲስተር።»

«የሕፃን መጠቅለያ ውስጥ ሰጋቱራ ምን ይሠራል?»

«ቤተሰቡ ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ አያቱን ብታዪው እዚያ ውጭ ቆሟል።»

አልሳቀችም። ሕፃኑን አንገቱ ሥር አሸተተችው። «የእንጨት ቤት ነው የሚሸተው» አለችና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። መርፌው ይወዛወዛል። ልጄ ግድግዳውን ነው የምታየው፣ ሚዛኑን ማየት አልቻለችም። ሕፃኑ እግሩን ሲያወራጭ መርፌውም አብሮ ይወራጫል።

«እ... ሲስተር?» አልኩ።

«ይቆዩ እማማ፣ ይረፍ።»

«ሲያርፍ ይከብዳል እንዴ?»

አሁን ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ስትስቅ ነው ያወቅኩት፤ መጥፎ ነገር ያየ ሰው እንዲያ አይስቅም። «ጨምሯል» አለች። «ደህና አድርጎ ነው የጨመረው። ወደ ቤታችሁ ውሰዱት።»

ልጄ ልጇን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በሩን ወጥተን፣ ኮሪደሩን ጨርሰን፣ ደጅ ስንደርስ «እማዬ፣ ርቦኛል» አለች። ከወለደች ወዲህ እኔ ነበርኩ ብዪ የምላት፣ እሷ ርቦኛል ብላ አታውቅም። የባሌን ክንድ ይዤ ዳቦ ያለበት ቤት ፈለግኩ።

አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገብተን ዳቦና ሻይ አዘዝን። ልጄ የራሷን ጨርሳ የኔን ወሰደች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሕፃኑ ተኝቷል። እኔም ልቤ እፎይ ሲል አፌ አላስችል አለኝ።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ልንገርህ። መሰንጠቂያው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ያለው ሰጋቱራ ደረቅ ነው።»

ዳቦውን እያላመጠ አየኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መሰንጠቂያው ከተከፈተ ጀምሮ።»

«እና እኔ የታቀፍኩት?»

«የመጀመሪያው ጊዜ እርጥብ ነበር። አሁን ሥርህ ያለው ግን ድሮ ደርቋል።»

ልጄ ሕፃኑ እንዳይነቃ የጋቢዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ባሌ ዳቦውን ዋጠ። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ። አንገቱን አከከ። አሁን ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ልጁ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየና መልሶ ወደ ኔ ዞረ።

«ቢሆንም ከሥሬ እንዳታወጪው» አለኝ። «ይሞቃል።»